ለእናትዎ ብድግ ብንል ለአማችዎ ቆጠሩት

ለተከበሩ የፓርቲያችን የቅርንጫፍ ጽሕፈት ቤት የቀድሞ ሊቀ መንበር፣ የአሁኑ የበላይ አማካሪና የዲሲፕሊን ኮሚቴ ሰብሳቢ፤

ባሉበት፣ ማለትም በዚያው በድሮው ወንበርዎ ላይ፤

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ወገብዎ እንዴት ሰነበተ እላለሁ። «ወገቤ እምቢ ብሎኛል፣ ከእንግዲህ ኃላፊነቱን ለተተኪ ላስረክብና ልረፍ» ብለው በአዳራሹ ፊት የተናገሩ ዕለት ዓይኑ እንባ ያቀረረ ሰው ብዙ ነበር፤ እኔም አንዱ ነበርኩ፣ ምንም እንኳ የእኔ እንባ በማዛጋት የመጣ ቢሆንም። ከዚያ ወዲህ ግን ከጽሕፈት ቤቱ ፊት ለፊት ካለው ሱቄ ሆኜ እንደምታዘበው፣ በሥልጣን ላይ ከነበሩበት ጊዜ ይልቅ ማልደው ይገባሉ፣ አምሽተው ይወጣሉ፣ ደረጃውንም ሁለት ሁለቱን እየዘለሉ ይወጡታል። እንኳን ለዚህ አበቃዎ። ሥልጣን መልቀቅ ለወገብ እንዲህ ፍቱን መድኃኒት መሆኑን ሐኪሞች ቢደርሱበት ኖሮ የስንቱ ሹም ጀርባ በተፈወሰ ነበር። ለመላው ቤተሰብዎም፣ በተለይ በአንድ ጀንበር ከአማችነት ወደ ሊቀ መንበርነት ለተሻገሩት ለልጅዎ ባል፣ ጤናና ዕድሜ እመኛለሁ።

እኔን ያውቁኛል። ፍሬም ቤቱ የእኔ ነው፤ የሰርጉንም፣ የምርቃቱንም፣ የሟቹንም ፎቶ መስታወት አልብሼ የምሰጥ፣ ሠፈሩ ልጅ አዋቂ ሳይል «አጎቴ» የሚለኝ ሰው ነኝ። ፊደል የለየሁት መስታወት ተጠቅልሎ ከሚመጣበት አሮጌ ጋዜጣ ላይ ስለሆነ፣ አጻጻፌ አንዳንድ ቦታ እንደ ጋዜጣ ቢያደርገው ይቅርታዎን እለምናለሁ። ጋዜጣው ብዙ ጊዜ የሚደርሰኝ ከግማሹ ተቀድዶ ስለነበር የወሬውን መጨረሻ ራሴ መገመት ነበረብኝ፤ ይህም የፓርቲያችንን ጉዳይ ለመከታተል ጥሩ ትምህርት ሆኖልኛል። ደብዳቤውን በግልጽ ጽፌ በሱቄ በር ላይ መለጠፌ ድፍረት እንዳይመስልብኝ። በፖስታ አሽጌ ብልከው ጸሐፊዎ በእንፋሎት ከፍቶ ማንበቡ ስለማይቀር፣ ድካሙን ላቀልለት ብዬ ነው።

የምጽፍልዎ በእህቴ ልጅ ጉዳይ ነው። ልብስ ሰፊዋ፣ እስከ ባለፈው ወር ድረስ ምክትልዎ የነበረችው፣ እርስዎ በተዉት ቦታ ከአማችዎ ጋር የተወዳደረችው። በመጪው ሐሙስ ከሰዓት በኋላ እርስዎ የሚመሩት ኮሚቴ ተሰብስቦ ከሁለት አንዱን ያደርግባታል፤ ወይ «ለአዲሱ ሊቀ መንበር ወድጄና ፈቅጄ ድምፅ ሰጥቻለሁ» ብላ በአባላት ፊት ትናገራለች፣ ወይ ደግሞ በውሸታምነት ተወንጅላ ካርዷን አስረክባ ትባረራለች። ወደዚህ ጉዳይ ከመድረሴ በፊት ግን ሰው ውለታ አያውቅም እንዳይሉኝ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር ላቅርብ።

አንደኛ፦ ሥልጣን እንዴት እንደሚተላለፍ በተግባር ስላሳዩን አመሰግናለሁ። በበሩ ላይ የነበረው ስምዎ ተነሥቶ የአማችዎ ስም ተለጥፏል፤ ልጣፊውንም የሠራሁት እኔ ነኝ፣ ቆንጆ ሆኗል። ውስጥ የገባ ሰው ግን የሚያገኘው እርስዎን ከነጠረጴዛዎ፣ አዲሱን ሊቀ መንበር ደግሞ በባለጉዳዮች አግዳሚ ወንበር ላይ፣ ጉልበታቸውን ገጥመው፣ ተራ እንደሚጠብቅ ሕመምተኛ ተቀምጠው ነው። እኚህን ሰው ሠፈሩ «ልክ ነው» እያለ እንደሚጠራቸው ሳይሰሙ አይቀሩም፤ ስሙን ያወጣኸው አንተ ነህ ይሉኛል፣ እኔ ግን ያወጡት ራሳቸው ናቸው እላለሁ። በቀደም ዳቦ ጋጋሪው ከደጁ ስለሚገነፍለው የፍሳሽ ቦይ ሊያመለክት ቢሄድ፣ ልክ ነው መጀመሪያ ወደ እርስዎ አዩ፣ እርስዎ ራስዎን ነቀነቁ፣ እሳቸውም «ልክ ነው» አሉ። ጋጋሪው ደስ ብሎት ሲመለስ መንገድ ላይ አገኘሁትና ታዲያ ምን ሊደረግልህ ነው ብዬ ብጠይቀው፣ ቆም ብሎ አሰበና «አጎቴ፣ እሱን እኮ አልነገሩኝም» አለኝ። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ይላሉ አበው። እርስዎ ግን ለአበውም መላ ዘየዱላቸው፤ ሳይሻሩ ተሻሩ።

ሁለተኛ፦ የድምፅ አሰጣጡን ስላቀለሉልን አመሰግናለሁ። ይህ ቅርንጫፍ ከተመሠረተ ጀምሮ መሪውን የሚመርጠው ብጣሽ ወረቀት አጣጥፎ በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ በመክተት ነበር። ቆርቆሮው ዝጓል፣ ክዳኑም ሲከፈት ሲጥ ይላል፤ ነገር ግን ማን የማንን ስም እንደጻፈ ለአንድም ሰው ተናግሮ አያውቅም። ይህ ምስጢር ጠባቂነቱ ሳያስጨንቅዎ አልቀረም መሰለኝ፣ በምርጫው ዕለት ከመድረኩ ላይ ጠፋ። የእህቴ ልጅ ከተቀመጠችበት እጇን አውጥታ ወረቀቱስ የት አለ ብላ በትሕትና ብትጠይቅ፣ እርስዎ ደረትዎን በመዳፍዎ መታ አድርገው «እኛ እኮ ቤተሰብ ነን! ቤተሰብ በወረቀት ይተማመናል እንዴ?» አሉና አዳራሹ አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ። ከዚያ «አዲሱን ተተኪ የሚደግፍ ብድግ ይላል፣ የማይደግፍ በተቀመጠበት ይቆያል፣ በቃ፣ ግልጽነት ማለት ይህ ነው» ብለው ደንቡን አወጁ።

እውነቱን ልንገርዎ፣ በዚያች ሰዓት በልቤ ሳቅሁ። ከጠዋት ጀምሮ ሪፖርት ሲነበብለት የዋለ፣ ጫማውን ከግማሽ እግሩ አውልቆ የተንጋለለ ሰው ለማን ብሎ ነው የሚነሣው? ስንፍናችን ራሱ የእህቴን ልጅ ሊያስመርጣት ነው ብዬ ተስፋ አደረግሁ። በዚያ ላይ ሰዉ የማንን ስም ሊጽፍ እንደመጣ ሁላችንም እናውቅ ነበር። ቤት ለቤት እየዞረች ያስመዘገበችን እሷ፣ ጎርፍ የገባበት ቤት ዕቃ ስታወጣ እጅጌዋን የሰበሰበች እሷ፣ ስብሰባ ሲኖር ወንበር ስትደረድር የምትገኝ እሷ። ልክ ነው ጥሩ ሰው ናቸው፣ ክፉ አይናገሩም፤ ክፉም ደግም ሲናገሩ ሰምቼ አላውቅም።

ሦስተኛ፦ እናትዎን ስላመጡልን አመሰግናለሁ።

የድምፅ አሰጣጡን ሊያስጀምሩ እጅዎን ወደ ላይ አንሥተው፣ ስልክዎን ኪስዎ ከተቱና፣ «እንግዲህ የምትደግፉ…» ከማለትዎ የአዳራሹ የኋላ በር ተከፈተ። እናትዎ በከዘራቸው ተደግፈው፣ በሌላ ወገን የእርስዎ ሹፌር ክንዳቸውን ይዞ፣ ገቡ።

ይህን ደብዳቤ የሚያነብ የሌላ ሠፈር ሰው ቢኖር እንዲገባው ልግለጽለት። በዚያ አዳራሽ ከተቀመጥነው መካከል እኚህ ሴት ያልዋሉለት ሰው የለም። የታመመ ሲኖር ቀድመው ይደርሳሉ፣ የሞተ ሲኖር ሁሉም ከተበተነ በኋላ ይቆያሉ። የእኔን እናት በመጨረሻ ሕመሟ ገላዋን ያጠቧት እሳቸው ናቸው። እህቴ በሞተች ጊዜ ትንሿን ልጅ እጇን ይዘው ትምህርት ቤት ያደረሱ፣ ፀጉሯን ያበጠሩ፣ የመጀመሪያውን የልብስ ቁልፍ እንዴት እንደሚተከል ያስተማሩ እሳቸው ናቸው፤ ያቺ ልጅ በመጪው ሐሙስ የምትዳኟት ልብስ ሰፊ ናት። እማማ ሲገቡ ቁጭ ብሎ የሚቀበላቸው ሰው በዚህ ሠፈር አልተወለደም። ስለዚህ ልንመርጥ ሳይሆን ኖር ልንል፣ ወንበሩ እስኪንኳኳ፣ ሁላችንም በአንድ ጊዜ ብድግ አልን። የእህቴ ልጅማ ከሁላችን ቀድማ ነው የተነሣችው፤ ተነሥታም አልቀረች፣ ሮጣ ሄዳ በከዘራው በኩል ደገፈቻቸው።

ታላቅ ሰው ሳይቀመጥ አይቀመጥም። ይህን ደግሞ ከማንም ይበልጥ የሚያውቁት እርስዎ ነዎት፣ ያደጉት እሳቸው ቤት ነውና። ለእማማ የተያዘላቸው ወንበር ግን ከበሩ አጠገብ ሳይሆን በመጨረሻው ማዶ፣ በመድረኩ ግርጌ፣ በግድግዳው ጥግ ነበር። በዚያ ቀስ ባለ እርምጃቸው አዳራሹን ከዳር እስከ ዳር እስኪያቋርጡ፣ እየቆሙ የዚህን ጤና የዚያን ልጅ እስኪጠይቁ፣ «ኧረ በሞቴ ተቀመጡ» እያሉ ማንም ሳይሰማቸው፣ እኛ ቆመን እርስዎ ቆጠሩ። ተረጋግተው፣ ረድፍ በረድፍ ቆጠሩ። እማማ ከወንበራቸው አረፍ ሲሉ እኛም ልንቀመጥ ስንል «በሙሉ ድምፅ!» የሚለው ድምፅዎ ከመድረኩ ተሰማ፤ ልክ ነውም አንገታቸውን ደፍተው ልክ ነው አሉ።

አራተኛ፦ በዲሞክራሲያችን ውስጥ ማንንም ስላላገለሉ አመሰግናለሁ። አዳራሹን የሚጠርጉት ሴትዮ የፓርቲው አባል አይደሉም፤ መጥረጊያቸውን እንደያዙ ስለቆሙ ተቆጥረዋል። ዘበኛው አባል አይደለም፤ እሱም ተቆጥሯል። ሹፌርዎ ክንድ እንደያዘ ተቆጥሯል። በመጨረሻ ደጋፊው ከአባሉ በልጦ ተገኘ፤ ጸሐፊው ይህን ሲያይ «የጋለ ተሳትፎ» ብሎ ጻፈው። ከአዳራሹ ሁሉ እግሩ በጀሶ ተጠቅልሎ የነበረው ጫማ ሰፊ ብቻ መነሣት ስላልቻለ «አንድ ድምፀ ተአቅቦ» ሆኖ ተመዝግቧል። ይህ ሰው ከዚያ ወዲህ በሠፈሩ እንደ ጀግና እየታየ ነው፤ እግሩ ሲድን ምን እንደሚሆን እንጃ።

አምስተኛ፦ ለእኔም ሥራ ስለሰጡኝ አመሰግናለሁ። ያንን ቀን ፎቶ አንሺው ከአዳራሹ ጎን ሆኖ ያነሣውን ትልቅ ፎቶ ወርቃማ ጠርዝ ባለው ፍሬም እንዳስገባው አዘዙኝ፤ ከሥሩም «አባላት ለአዲሱ ሊቀ መንበር በሙሉ ድምፅ ድጋፋቸውን ሲገልጹ» የሚል ጽሑፍ እንድለጥፍ። ዛሬ በአዳራሹ መግቢያ ላይ ተሰቅሎ ወጪ ወራጁ ያየዋል። እኔ ግን ከመስቀሌ በፊት በጠረጴዛዬ ላይ ዘርግቼ፣ መስታወቱን እየወለወልኩ፣ ብዙ አየሁት። ልክ ነው በመድረኩ በስተቀኝ ቆመዋል፤ ከአባላቱ አንድ እንኳ ወደ እሳቸው የዞረ የለም። ሁሉም ፊት ወደ በሩ ነው። ፈገግ ያለ አለ፣ ባርኔጣውን ያወለቀ አለ፣ እጁን ደረቱ ላይ ያደረገ አለ። ድጋፍ በማጅራት ሲገለጽ ያየሁት የዚያን ጊዜ ነው። ልክ ነውም ራሳቸው፣ እማማ የሚስታቸው አያት ናቸውና፣ ወደ በሩ ዞረው ጎንበስ ብለዋል።

ከዚያ አዳራሽ ሰው ሁሉ እናትዎን የማያይ አንድ ሰው ብቻ አለ፤ እሱም ልጃቸው ነው። እርስዎ ጣትዎን ዘርግተው ራስ ይቆጥራሉ።

ክቡር ሆይ፣ እኔ የብዙ ሟች ፎቶ መስታወት አልብሻለሁ፣ ሥራዬንም አቋርጬ አላውቅም። ያን ጊዜ ግን ጨርቁን አስቀምጬ ወደ ደጅ ወጥቼ መቆም ግድ ሆነብኝ። ድምፅ መስረቅ አዲስ ነገር አይደለም፤ ቆርቆሮ የሚሰርቅ አለ፣ ወረቀት የሚለውጥ አለ፣ በዱላ የሚያስነሣም አለ ይባላል። ሌባ ከሰው ፍርሃት ይሰርቃል፣ ከሰው ጥቅም ወዳድነት ይሰርቃል፣ ይገባኛል። እርስዎ ግን የሰረቁት ከጨዋነታችን ነው። እናቶቻችን «ታላቅ ሲገባ ተነሥ» ብለው በቁንጥጫ ያስተማሩንን ነገር አንሥተው የአማችዎ ወንበር እግር አደረጉት። አሁን ሰው ሲገባ ለመነሣት ሳስብ ጉልበቴ ይጠይቀኛል፤ ለማን ልቆጠር ነው ይለኛል። ይህን ያደረጉብንን ነገር በምን ዓይነት ምስጋና እንደምመልስ ቢቸግረኝ፣ በቁጥር አምስት ላይ እንዳለ ተውኩት።

ስድስተኛ፦ የእህቴን ልጅ ስለከሰሱልኝ አመሰግናለሁ፤ ያለበለዚያ ይህ ሁሉ በሆዴ ይቀር ነበር። በተከታዩ ስብሰባ ተነሥታ፣ እኛ የተነሣነው ለእማማ ነው፣ ምርጫው በወረቀት ይደገምልን ብላ በለሰለሰ አንደበት ጠየቀች። ክሱ ወዲያው መጣ፤ «በአዳራሽ ቆሞ ደግፎ፣ ከአዳራሽ ወጥቶ መቃወም፣ የአቋም መዋዠቅና አመራርን ማዋረድ» ይላል። እንዲያውም ሌላው አባል ተነሥቶ ብቻ ሲቀር እሷ ወደ ፊት ተራምዳ መሄዷ «ከፍተኛ ድጋፍ» እንደነበር ተጠቅሷል። ለእናትዎ ከዘራ መያዟ ማስረጃ ሆኖ ቀረበባት። የአብዬን ወደ እምዬ ሲባል እሰማ ነበር፣ የእማማን ወደ አማች ግን የሰማሁት ከእርስዎ ነው።

ሰባተኛ። ይህንንም በምስጋና ልጀምረው ሦስት ወረቀት ቀድጄ እጄ እምቢ አለኝ።

ባለፈው ሰኞ እናትዎ ወደ ሱቄ መጡ። ዓይናቸው ስለደከመ አንድ ወረቀት እንዳነብላቸው ነበር። ሰው ቤታቸው ድረስ አምጥቶ የሰጣቸው ከኮሚቴዎ የወጣ መጥሪያ ነው፤ ሐሙስ ቀርበው ወደ አዳራሹ የገቡት በራሳቸው ሰዓት፣ በአጋጣሚ፣ ማንም ሳያዝዛቸው መሆኑን እንዲመሰክሩ ይጠይቃል። አንድ ቤት ውስጥ እያደሩ፣ ከእናትዎ ጋር በአንድ ገበታ እየተቀመጡ፣ ፊት ለፊት መጠየቅ አፍረው በማኅተም ጠየቋቸው። አነበብኩላቸውና «ምርጫ? የምን ምርጫ?» አሉኝ። እንግዲህ ነገር ላመላልስ ብዬ አይደለም፣ ከጠየቁኝ በኋላ ዝም ማለት ስላልቻልኩ፣ ለምን እንደተነሣንና ለማን እንደተቆጠርን ነገርኳቸው።

እናትዎ በርጩማዬን ስበው ተቀመጡ። ከዚያ የሆነውን እሳቸው ነገሩኝ። ያን ቀን ጠዋት «አዳራሹ ምርቃትዎን ይፈልጋል፣ ለብሰው ይጠብቁ» ተብለው በልጃቸው እንደታዘዙ፤ ነጠላ ጨርቃቸውን ለብሰው እንደተዘጋጁ፤ መኪናው የአዳራሹ ደጅ ላይ ከደረሰ በኋላ ፀሐይ እያላባቸው ከውስጥ እንደተቀመጡ፤ እንውረድ ሲሉ ሹፌሩ «ቆዩ እማማ፣ ገና ነው፣ ሲደወልልን እንገባለን» እያለ እንዳቆያቸው ነገሩኝ። በዚያ ሙቀት ውስጥ እንዳይረሱት ምርቃቱን በልባቸው ሲደጋግሙት ቆዩ። ገቡ፣ ተቀመጡ፤ ስብሰባው ተዘጋ፤ ማንም መርቁን አላላቸውም። ሹፌሩ መልሶ ቤት አደረሳቸው። እስከ ሰኞ ድረስ «ስላረጀሁ ረስተውኝ ነው» ብለው ነበር የሚያስቡት።

እናትዎን ደወል አደረጓቸው፣ ክቡር ሆይ። ደውለው ሲያበቁ ወደ ቦታቸው መለሷቸው። አሁን ደግሞ ከፍርድ ወንበር ፊት አቁመው ወይ ልጄ ቀጣፊ ነው እንዲሉ፣ ወይ ያሳደግኳት ልጅ ቀጣፊ ናት እንዲሉ ሊያደርጓቸው ነው። ላም እሳት ወለደች፤ እንዳትልሰው ፈጃት፣ እንዳትተወው ልጅ ሆነባት። ተረት እየመሰለኝ ስንት ጊዜ በቀልድ ተናግሬዋለሁ። ላሚቱ ከሱቄ በርጩማ ላይ ከዘራዋን በሁለት እጇ ይዛ ተቀምጣ ሳያት ግን ሁለተኛ አልቀልድበትም አልኩ።

የእህቴ ልጅ መጥሪያውን በሰማች ጊዜ የያዘችውን ልብስ ከስፌት መኪናው ላይ አንሥታ አጣጠፈች። «እማማን እዚያ ወንበር ላይ አስቀምጠው ሲጠይቋቸው ከማይ እኔ ልውጣላቸው» አለች። ሐሙስን ሳትጠብቅ ካርዷን ለጸሐፊው ልታስረክብ ነው፤ ተከሳሽ ከሌለ ምስክር አይጠራም ብላ። ተከራከርኳት። ውሸታም ተብለሽ ልትወጪ ነው ወይ፣ ያስመዘገብሻቸው ሴቶችስ ምን ይላሉ፣ የፍሳሽ ቦዩን ጉዳይ ማን ይይዘዋል አልኳት። አለቀሰች፤ እያለቀሰችም «አጎቴ፣ አንተ ደግሞ አፍህን አንዳንዴ ያዝ» አለችኝ። ያዝኩት። ይህ የምጽፈው በእጄ ነው።

እንግዲህ አሸንፈዋል። የዚህ ቅርንጫፍ አንድ ታማኝ ሰው እናትዎን ከእርስዎ ለማዳን ብላ ትወጣለች፤ እርስዎም «በራሷ ፈቃድ ለቀቀች» ብለው በቃለ ጉባኤ ያስጽፋሉ፤ ልክ ነውም ልክ ነው ይላሉ። ፎቶው ከመግቢያው ላይ ሲያብረቀርቅ ይኖራል፤ መስታወቱ ቢሰበር በነፃ እለውጥልዎታለሁ። ከዚህ በላይ የምመኝልዎት ነገር ቢኖር፣ ወገብዎ ዳግመኛ እንዳያምዎት ነው፤ ባለፈው ሕመምዎ ብቻ ይህን ሁሉ ከወለደ፣ ቢያገረሽ ምን ሊተርፈን ነው?

መልካም የሥራ ዘመን፣ መልካም የዕረፍት ዘመንም፣ የትኛው የትኛው እንደሆነ ሲለይ፣ እየተመኘሁ፤

በታላቅ አክብሮት፣ ከመቀመጫዬ ሆኜ፤

ለእናትዎ የተነሣሁ፣ ለአማችዎ የተቆጠርኩ፣ እስካሁንም የማን እንደሆንኩ ያልተነገረኝ፣

ፍሬም ሠሪው አጎት።

ማስታወሻ፦ ይህን ጽፌ ልለጥፈው ስል ነገሩ ትንሽ ስለተለወጠ ጨምሬያለሁ። ዛሬ ረፋድ ላይ እናትዎ አንዲት ጥቅል ልብስ በብብታቸው ይዘው፣ በእግራቸው፣ ወደ እህቴ ልጅ ቤት መጥተዋል፤ የሚያድሩትም እዚያው ነው። ካርዷን ልትሰጥ መዘጋጀቷን ሲሰሙ «መሳቢያሽ ውስጥ መልሺው፣ የሐሙሱን ለእኔ ተዪልኝ» ብለዋታል። ምን ሊያደርጉ እንዳሰቡ ሁለት ጊዜ ብጠይቃቸው አንተ መስታወትህን ቁረጥ አሉኝ። የግፊት መድኃኒታቸውን ግን ከአልጋቸው አጠገብ ካለው ኮመዲኖ ላይ ረስተውታል፤ በዚያ ሹፌር እንዳይልኩት፣ ራስዎ ይዘውት ይምጡ ይላሉ። ቅር እንዳይልዎት፣ ስለ እርስዎም ጠይቀዋል። ይኸው አሁን ቁጭ ብዬ ስጽፍ ከጎኔ ሆነው «ምሳውን በልቶ ይሆን?» አሉኝ፤ እኔም ሥልጣን በማስረከብ ላይ ስለሆኑ ጊዜ አላገኙም አልኳቸው።